በስቲቭ ማክዊን ደረት ውስጥ 30 ዓመት የተኛው አቧራ

ማክዊን ሲባል ብዙዎቻችሁ ቀድሞ የሚመጣላችሁ በካርቱን ፊልሙ ላይ የሚበረው ቀይ የውድድር መኪና፣ ላይትኒንግ ማክዊን ነው። የዛሬው ሰውዬ ግን ሌላ ነው። መኪናው ስሙን ያገኘው በ2002 ከሞተው ግሌን ማክዊን ከተባለ የፒክሳር አኒሜሽን ባለሙያ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ አሜሪካዊው ተዋናይ ስለ ስቲቭ ማክዊን ነው። እሱም ቢሆን መኪና አያጣውም። «ቡሊት» በተባለው ፊልም የሳን ፍራንሲስኮን ዳገትና ቁልቁለት ያስጨነቀባት አረንጓዴ ሙስታንግ በ2020 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች።

ስለ ስቲቭ መኪናዎች፣ ስለ ትዳሮቹና ስለ ፊልሞቹ ብዙ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ግን አሟሟቱ ነው። በዓለም ላይ ማንኛውንም ሐኪም ማስጠራት የሚችል ገንዘብና ስም የነበረው ሰው፣ ሳሉ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ አለፈው። ሲታወቅ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር። እንዴት? መልሱን ለማግኘት ሕይወቱን በፊልሞቹ ሳይሆን በተነፈሰው አየር እየተከተልን እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቭ የተወለደው በ1930 በኢንዲያና ግዛት ነው። አባቱ በአውሮፕላን ትርኢት የሚያሳይ አብራሪ ነበር። ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ጥሏቸው ሄደ። እናቱ መጠጥ ያሸነፋት ሴት ነበረች። ስለዚህ ልጁ ሚዙሪ ውስጥ ስሌተር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአያቱ ወንድም እርሻ ላይ አደገ። አንድ ጆሮው በሕመም ምክንያት በደንብ አይሰማም፤ ማንበብም ይቸግረው ነበር። በኋላ እናቱ ዘንድ ሲመለስ የእንጀራ አባት ዱላ ጠበቀው። ጎዳና ወጣ፣ ከወሮበላ ጋር ገጠመ። በመጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኖ የሚገኝ የወንድ ልጆች ማረሚያ ገባ።

እዚያ ሰው ሆነ ማለት ይቻላል። ታዋቂ ከሆነ በኋላም አልረሳቸውም። ልጆቹን እየሄደ ይጠይቅ ነበር። ከፊልም ኩባንያዎች ጂንስና ምላጭ በብዛት ይጠይቃል፤ ሰዎቹ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል ብለው ይገረሙ ነበር። ዕቃው ለካ የሚሄደው ወደ ማረሚያው ነው።

በ1947፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ማሪን ጦር ውስጥ ገባ። ወታደርነቱ እንደ ልጅነቱ ነበር፤ ደንብ የሚባል ነገር አይመቸውም። ያለ ፈቃድ ጠፍቶ ሲያዝ 41 ቀን ታሰረ። በሌላ በኩል ደግሞ በበረዷማው የሰሜን ባሕር ልምምድ ላይ ታንክ በረዶውን ሰብሮ ሳይሰምጥ አምስት ጓደኞቹን አውጥቷል። እንግዲህ ሰውዬው እንዲህ ነበር፤ ይቀጣል፣ ይሸለማል፣ እንደገና ይቀጣል።

ከቅጣቶቹ አንዱ ነው የዛሬ ጨዋታችን። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በወታደር ማጓጓዣ መርከብ ሆድ ውስጥ የቧንቧዎቹን ሽፋን እንዲልጥ ታዘዘ። በዚያ ዘመን የመርከብ ቧንቧ የሚጠቀለለው በአስቤስቶስ ነበር። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ እንደ ጨርቅም ይሸመናል። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለመርከብ፣ ለፋብሪካ፣ ለፎቅ ቤት ከዚህ የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስልም ነበር።

ችግሩ ሲሰበርና ሲላጥ ነው። ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች አየር ላይ ይበትናል። ወጣቱ ወታደር በጠበበ የመርከብ ክፍል ውስጥ ሽፋኑን ሲልጥ ያንን አየር ሳበ። አልሸተተውም፣ አላቃጠለው፣ አላሳለውም። ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ፤ በ1950ም ከጦሩ ተሰናበተ።

አደጋው ጨርሶ የማይታወቅ እንዳይመስላችሁ። የአስቤስቶስ አቧራ የሠራተኛን ሳንባ እንደሚያደርቅ እንግሊዝ በ1931 በፋብሪካዎች ላይ ደንብ እስከማውጣት ድረስ ታውቅ ነበር። ካንሰሩን በተመለከተ ግን ነገሩ ገና አልጠራም።

ስቲቭ ከጦሩ ሲወጣ ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ኒውዮርክ ትወና ተማረ። በ1958 የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አገኘ፤ በ1960 ደግሞ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ወጣ። ከሰባቱ ፈረሰኞች አንዱ ሆኖ፣ ብዙም ሳይናገር፣ ባርኔጣውን እያስተካከለ ብቻ የተመልካቹን ዓይን ሰረቀ።

በዚያው በ1960 ከሆሊውድ እጅግ ርቃ በምትገኘው ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ክሪስቶፈር ዋግነር የሚባል ፓቶሎጂስት በ1956 የአንድ ሰው አስከሬን ሲመረምር ያላየውን ዓይነት ዕጢ አግኝቶ ነበር። ሟቹ የታመመው በቲቢ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኪምበርሊ ከተማ የቲቢ ሆስፒታል የሚሠራው ዶክተር ስሌግስ ደግሞ አንድ ነገር ታዝቦ ኖሯል። ከአንድ አቅጣጫ፣ አስቤስቶስ ከሚቆፈርበት አካባቢ የሚመጡ አንዳንድ በሽተኞች ደረታቸው ውሃ ይቋጥራል፤ የቲቢ መድኃኒት ግን አያድናቸውም። ሁለቱ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው 33 በሽተኞችን መዝግበው አሳተሙ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ከአስቤስቶስ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ነበር። የሚገርመው ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪ አልነበሩም። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ማዕድኑ አካባቢ ኖረው፣ በተረፈ ምርቱ ክምር ላይ ተጫውተው ያደጉ ናቸው።

በሽታው ሜሶቴሊዮማ ይባላል። የሳንባን ውስጥ ሳይሆን ሳንባን የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ነው። የሆድ ዕቃንና የልብን ሽፋንም ሊይዝ ይችላል።

ልብ በሉልኝ፤ ሐኪሞቹ የደረሱበት አዲስ መሣሪያ ስለነበራቸው አይደለም። በሽተኞቹን የት እንደኖሩና ምን እንደሠሩ ስለጠየቁ ነው።

ስቲቭ ይህን አልሰማም፤ ምን አግኝቶት ይሰማል? እሱ በከፍታ ላይ ነበር። በ1963 «ዘ ግሬት ኤስኬፕ» ላይ በሞተር ሳይክል ከናዚ አመለጠ (የሽቦውን አጥር የዘለለው ግን ጓደኛው በድ ኤኪንስ ነበር)። በ1966 «ዘ ሳንድ ፔብልስ» ለኦስካር አሳጨው። እዚያ ላይ የተጫወተው የመርከብ ሞተር ክፍል ሠራተኛን ነው፤ የቧንቧውን፣ የእንፋሎቱን፣ የዘይቱን ዓለም። ያንን ፊልም ሳይ አሁን የምመለከተው ቧንቧዎቹን ሆኗል።

ከካሜራ ውጭ ደግሞ እሽቅድምድም ነበር ፍቅሩ። በ1970 በፍሎሪዳው የ12 ሰዓት የሰብሪንግ ውድድር፣ እግሩ በጀሶ ታሽጎ እየነዳ፣ ከፒተር ሬቭሰን ጋር ሁለተኛ ወጣ። ከአንደኛው የተለዩት በሰከንዶች ነው። በዚያ ዘመን የሾፌሮች እሳት መከላከያ ልብስ ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። በፊልም ስቱዲዮዎችም ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ ነበር። በ1974 በወጣው «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» የእሳት አደጋ አዛዥ ሆኖ የሚነድ ፎቅ አጠፋ። በወቅቱ በዓለም ከፍተኛ ተከፋይ የፊልም ተዋናይ እሱ ነበር። የአሜሪካ ፎቆች አስቤስቶስ የተለበሱት ደግሞ ያንኑ እሳት ፈርተው ነው።

እንግዲህ የትኛው አቧራ ገደለው? መርከቡ? ልብሱ? ስቱዲዮው? በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ የበሽታው አንዱ ተንኮል ይኸው ነው። ክሮቹ ሳንባ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሰውነት ሊያሟሟቸው አይችልም። ቀስ እያሉ ሽፋኑን ያስቆጣሉ። በሽታው ራሱን እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋውም ይረሳል፤ የማይረሳው ሰውነቱ ብቻ ነው።

በ1978 ስቲቭ መሳል ጀመረ። የማያቋርጥ ሳል። ሲጋራ አጫሽ ስለነበር መጀመሪያ የተጠረጠረው ሲጋራው ነው። አቆመ፤ ሳሉ አልቆመም። አንቲባዮቲክ ወሰደ፤ ምንም አልረዳውም። ትንፋሹ እያጠረ ሄደ። የመጨረሻ ፊልሙን «ዘ ሃንተር»ን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1979፣ ከደረቱ ናሙና ተወሰደና በሽታው ስም አገኘ፤ የሳንባ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ። ከማሪን ጦሩ ከወጣ 30 ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያው ዘመን የሠራው አንድ ፊልም አለ፤ ብዙ ሰው አላየውም። በ1978 የወጣው «አን ኢነሚ ኦፍ ዘ ፒፕል» ከኢብሰን ተውኔት የተወሰደ ነው። ስቲቭ ጺሙን አሳድጎ ዶክተር ሆኖ ይጫወታል። ዶክተሩ የከተማው ፍል ውሃ መመረዙን ይደርስበታል፤ ከተማው ግን ገቢው እንዳይቋረጥ ብሎ አፉን ሊያዘጋው ይነሳል። የማይታይ መርዝ፣ ሊሰማ የማይፈልግ ሰው። ከዚያ ወዲህ ያለው የስቲቭ ታሪክ ለእኔ ከዚያ ፊልም አይለይም።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ እንምጣ። ለምን ዘገዩ? ሰነፎች ስለነበሩ አይመስለኝም። ሜሶቴሊዮማ ዛሬም፣ በእነ ሲቲ ስካን ዘመን፣ ሐኪም የሚያሳስት በሽታ ነው። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ልዘርዝራቸው።

አንደኛ፣ ብርቅ ነው። አሜሪካን በሚያህል አገር በዓመት የሚገኘው ወደ 3,000 ሰው ላይ ነው። አንድ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሠርቶ አንድም ላያይ ይችላል። ሳል ይዞ የመጣ ሰው ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ ብሮንካይት ወይም የአጫሽ ሳል እንዳለበት ቢገመት ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

ሁለተኛ፣ ሲጋራው ዓይን ይሸፍናል። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ዋና አምጪ ነው፤ ሜሶቴሊዮማን ግን አያመጣም። አጫሽ ሲሆኑ ሁሉም ሰው፣ በሽተኛው ራሱም ጭምር፣ ጥፋቱን ሲጋራው ላይ ጥሎ ሌላ መጠየቅ ያቆማል። ይሄ ማለት ግን ሲጋራ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ሲጋራና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያባብሱታል።

ሦስተኛ፣ ውሃው ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በሳንባና በሽፋኑ መካከል በሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። ራጅ ላይ የሚታየው ፈሳሹ ብቻ ነው፤ ዕጢው ከኋላው ይደበቃል፤ ወይም ገና እንደ ስስ ልባስ ስለሆነ አይለይም። ፈሳሹ ሲቀዳ ሰውዬው እፎይ ይላል፤ ተሻለኝ ብሎ ቤቱ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። የተቀዳው ፈሳሽ ላቦራቶሪ ቢሄድም ብዙ ጊዜ ካንሰሩን አያሳይም። ፈሳሹ ላይ ካንሰር አልተገኘም ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ሥጋው መቆረስ አለበት። እርግጠኛ ለመሆን ከሽፋኑ ላይ ደህና መጠን ያለው ናሙና ያስፈልጋል። ዛሬ በጎድን አጥንቶች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በካሜራ እየታየ ይወሰዳል። ናሙናው ከተገኘም በኋላ ትግሉ አላለቀም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከተለመደው የሳንባ ካንሰር ጋር ይመሳሰላል። በሌላ ሕመም የተቆጣ ጤነኛ ሽፋንም ካንሰር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፓቶሎጂስቱ ናሙናው ላይ የተለያዩ ሴሎችን የሚለዩ አንቲቦዲዎችን እየጨመረ የትኛው ቀለም እንደያዘ ያያል። አንድ ብቻውን የሚፈርድ ምርመራ የለም፤ እንደ ፍርድ ቤት ብዙ ምስክር ይቆጠራል።

አምስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ታሪኩ ነው። ማሽን የሰውን የሥራ ታሪክ አያነብም። ከ30 ዓመት በፊት ምን ትሠራ ነበር ተብሎ መጠየቅ አለበት። በሽተኛውም ማስታወስ አለበት። የ48 ዓመት የፊልም ንጉሥ፣ በ18 እና በ19 ዓመቱ መርከብ ውስጥ የላጠው የቧንቧ ሽፋን ከሳሉ ጋር ይያያዛል ብሎ እንዴት ያስበው?

ምርመራው ስም ሰጠው እንጂ ተስፋ አልሰጠውም። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ የሚረባ መድኃኒት አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1980 ካንሰሩ መሰራጨቱ ታየ። በማርች አንድ የወሬ ጋዜጣ ሚስጥሩን አወጣው። ስቲቭ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ባርባራ ሚንቲን አግብቶ ነበር፤ ሦስተኛ ሚስቱ ናት። ሃይማኖትም ይዞ ነበር። መኖር ይፈልጋል። ሐኪሞቹ ደግሞ ልናድንህ አንችልም ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው ሜክሲኮ የምትመጣው። በጁላይ 1980 ወደ ሮዛሪቶ ቢች ሄደ። ሕክምናውን የሚመራው ዊልያም ኬሊ የሚባል፣ የሙያ ፈቃዱን ያጣ የጥርስ ሐኪም ነበር። በቡና የሚደረግ የአንጀት እጥበት፣ ከእንስሳት የተወሰደ ሴል በመርፌ፣ ከፍራፍሬ ፍሬ የሚሠራው ሌትሪል የተባለው ነገር፣ ማሳጅና ጸሎት ተደባልቆ ይሰጠው ነበር። ለዚህ ሁሉ በወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተከፈለ። ካንሰሩ አልሰማም፤ ማደጉን ቀጠለ።

ሰውዬው ሞኝ ነበር ብዬ አልፈርድም። እውነተኛው ሐኪም በሩን ሲዘጋ፣ ክፍት በር ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ይመስላል። ዛሬም በቴሌግራም ካንሰርን በ21 ቀን እናጠፋለን የሚሉት ሰዎች የሚኖሩት በዚያ በተዘጋው በርና በበሽተኛው ተስፋ መካከል ነው። ዘግይቶ የታወቀ በሽታ ለእነሱ ገበያ ነው።

በመጨረሻ ሆዱ ውስጥ ያደገውን ዕጢ ለማስወጣት ወሰነ። የአሜሪካ ሐኪሞች ልብህ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ብለው አስጠንቅቀውት ነበር። በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሜክሲኮ፣ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባ። ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕጢ ወጣለት። ከሰዓታት በኋላ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1980 ከንጋቱ በፊት፣ ልቡ ቆመ። 50 ዓመቱ ነበር። አመዱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተበተነ።

ከሱ በኋላ ሜሶቴሊዮማ የሚለው ቃል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ በ2008 አስቤስቶስን ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ከልክሏል። አሜሪካ የቀረውን ዋናውን ዓይነት የከለከለችው በ2024 ነው፤ ስቲቭ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ። መድኃኒቱም ተሻሽሏል። በ2004 የመጀመሪያው ለዚህ በሽታ የተፈቀደ ኬሞቴራፒ መጣ፤ በ2020 ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ ሕክምና ተጨመረ። ዕድሜ ያራዝማሉ። በሽታው ግን አሁንም ከባድ ነው፤ ቀድሞ ማወቅ አሁንም ዋናው ነገር ነው።

እኛን ምን አገባን የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባናል። አስቤስቶስ በመርከብ ብቻ አልቀረም። በዓለም ዙሪያ በመኪና ፍሬን ሸራና በፍሪሲዮን፣ በሲሚንቶ ጣሪያና ቧንቧ፣ በቦይለር ሽፋን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ገብቷል። ሳይነካ የተቀመጠ ዕቃ ብዙ አይጎዳም፤ ሲቆረጥ፣ ሲሞረድ፣ ሲፈርስ ነው አደጋው። ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች፣ የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት። አሮጌ ሕንፃ የምታፈርሱም እንደዚሁ። የሥራ ልብሳችሁን እንደ ለበሳችሁ ቤት አትግቡ። በሌላው ዓለም የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ ብቻ በዚህ በሽታ የተያዙ ሴቶች አሉ።

ሌላው የቲቢ ጉዳይ ነው። በአገራችን የአንድ ሰው ደረት ውሃ ቋጠረ ሲባል ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቲቢን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። የታዘዘላችሁን የቲቢ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ግን መድኃኒቱ በሥርዓት ተወስዶ ውሃው እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ የኪምበርሊው ሐኪም የጠየቀው ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ይሄ ሰው የት ነው የሠራው?

ጥያቄውን ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተ ቅደሙት። ወረፋ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው ያያል፤ የ30 ዓመት ታሪክ ለመስማት ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አባታችሁን ወይም አያታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋቸው። ከጋብቻ በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ፋብሪካ ነበሩ? ባሕር ኃይል? ባቡር ጥገና? ጋራዥ? ስንት ዓመት? ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አምስት መስመር ይበቃል።

አንድ ቀን ሳል ሲይዛቸው ያቺን አምስት መስመር ለሐኪሙ አሳዩት።